ኢንተርኔቱ ደህና፣ ስፒከሩ ደህና፤ ታዲያ ዘፈኑን ምን ነካው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ነው። ሙዚቃ የምሰማው በስልኬ፣ ወንድሜ ከውጭ በሚከፍልልኝ የስትሪሚንግ አፕ ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ድምፁ ድንገት ወረደብኝ። ጽናጽልና ሲምባል ያለበት ሁሉ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስል ሽሽሽ ይላል። የሚገርመው የተበላሹት ሁልጊዜ የምሰማቸው፣ የምወዳቸው ዘፈኖች ናቸው። አዲስ የምከፍታቸው ደህና ናቸው። ቤት ባለው የብሉቱዝ ስፒከርም፣ በብሉቱዝ ኤርፎኔም ያው ነው። ማታ ማታ ጣና ዳር ወክ ሳደርግ ደግሞ ጭራሽ ይቆራረጣል። የዋይፋዩን ፍጥነት ለክቼ 12 ሜጋቢት አገኘሁ። በዚያው ሰሞን የስልኬ ሜሞሪ ሞልቶ ስላስቸገረኝ አፑን አጥፍቼ እንደገና ጭኜዋለሁ፤ ስለዚህ የአፑ ችግር አይመስለኝም። ስልክ ልቀይር? ወይስ ወንድሜን ክፍያውን አቁመው ልበለው?»

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። ስልክሽን አትቀይሪ። ወንድምሽም አርፎ ይክፈል።

ችግሩ የመጣው አፑን አጥፍተሽ መልሰሽ በጫንሽ ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። አንቺ ይህን የጻፍሽልኝ «አፑማ ንጹሕ ነው» ለማለት ነበር። እኔ ግን ጥያቄሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው እዚያው ላይ ነው።

እንዴት እንደደረስኩበት ላስረዳሽ፤ ሌላ ጊዜ ራስሽ ትደርሺበታለሽ። የድምፅ ብልሽት ሲነገረኝ ቀድሜ የምጠይቀው ደህና የሆነውን ነው። አንቺ ጋ ደህና የሆነው ብዙ ነው። አዲስ የምትከፍቻቸው ዘፈኖች በዚያው ስልክ፣ በዚያው ብሉቱዝ፣ በዚያው ስፒከር ጥርት ብለው ይሰማሉ። እንግዲያው ስፒከሩ አልተቀደደም። ብሉቱዙም፣ ስልኩም ጤነኛ ናቸው። ኤርፎንና ስፒከር ደግሞ ተመካክረው በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ዓይነት በሽታ አይያዙም።

ኢንተርኔቱም የለበትም። የአፕሽን ስም ስላልጻፍሽልኝ በስፖቲፋይ ቁጥሮች ላስረዳሽ፤ የሌሎቹም አሠራር ይቀራረባል። ስፖቲፋይ «በጣም ከፍተኛ» የሚለው ደረጃ በሰከንድ 320 ኪሎቢት ገደማ ይፈልጋል። ያንቺ መስመር 12 ሜጋቢት፣ ማለትም በሰከንድ 12,000 ኪሎቢት ያመጣል። ከ37 እጥፍ በላይ ነው። ቤት ያለው ሰው ሁሉ የየራሱን ዘፈን ቢከፍት እንኳ ይተርፋል።

ደግሞም የደከመ ኢንተርኔት ሙዚቃን የሚያበላሽበት የራሱ መንገድ አለው። ሬዲዮ ጣቢያው ሲርቅ ይንኮሻኮሻል፣ ይንጫጫል፣ ግን ይሰማል። ስትሪሚንግ እንደዚያ አይደለም። ዳታው በሰዓቱ ካልደረሰ ዘፈኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ክቧ ትሽከረከራለች፣ ከዚያ ይቀጥላል። ወይም አፑ ቀድሞ ነቅቶ ራሱን ወደ ዝቅተኛ ደረጃ ያወርዳል። ስለዚህ ሰው «ኔቱ ዘፈኑን አንኮሻኮሸብኝ» ሲለኝ ቶሎ አላምንም።

እስቲ አሁን የተበላሹትን እንያቸው። «የምወዳቸው ናቸው» ብለሻል። ሰው የሚወደውን ዘፈን ምን ያደርገዋል? ዳውንሎድ ያደርገዋል። ስለዚህ ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚመጣው ጥሩ ሆኖ፣ ስልክሽ ውስጥ የተቀመጠው ተበላሽቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚጠብቀው የዚህን ተቃራኒ ስለሆነ ነው ነገሩ ግራ የሚያጋባው።

አፑን ስታጠፊው ዳውንሎድ ያደረግሻቸው ዘፈኖች በሙሉ አብረው ጠፉ። የመረጥሻቸው ሴቲንጎችም አብረው ሄዱ። መልሰሽ ስትጭኚው አፑ እንደ አዲስ እንግዳ ነው የተቀበለሽ። ዝርዝርሽ አካውንትሽ ላይ ስላለ ዘፈኖቹ ተመልሰው መጡ፤ አንቺም ዳውንሎድ የሚለውን ተጫንሽ። በየትኛው ጥራት እንደሚወርዱ ግን የወሰነልሽ አፑ ነው። አፖች ደግሞ ሲጫኑ ይዘውት የሚመጡት የዳውንሎድ ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛው አይደለም። ሜሞሪ ሞልቶብሽ ስለነበር «ቦታ እንዳይፈጅ» ብለሽ ራስሽ ዝቅ አድርገሽው ቢሆንም አይገርመኝም። ያም ሆነ ይህ አፑ አልተበላሸም፤ በዚህ ልክ ነሽ። የተሰጠው ትእዛዝ ነው የተቀየረው።

ሴቲንግ ውስጥ ግቢና የድምፅ ጥራት የሚለውን ፈልጊ። እዚያ አንድ ሳይሆን ሦስት ምርጫ ታገኛለሽ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዱ በዋይፋይ ስትሰሚ ነው። ሌላው በሞባይል ዳታ ስትሰሚ። ሦስተኛው የዳውንሎድ ነው። የመጀመሪያውን ከፍ አድርጎ «ጨርሻለሁ» የሚል ሰው ሞልቷል። ሦስቱ ግን አይተዋወቁም። በስፖቲፋይ ደረጃዎቹ በግምት 24፣ 96፣ 160 እና 320 ኪሎቢት ናቸው። አንቺ እንደገለጽሽው ከሆነ የዳውንሎዱ መስመር 24 ላይ ሳይሆን አይቀርም። 96 ላይም ሊሆን ይችላል፤ ያን ያህል «ውሃ ውስጥ የገባ» የሚያስብለው ግን ታችኛው ነው።

የዳውንሎዱን ሴቲንግ ከመንካትሽ በፊት ግምቴን አረጋግጪ። ጽናጽል ያለበትን አንድ የተበላሸ መዝሙር ምረጪ። ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጊው። ፍላይት ሞድ ብሉቱዙንም ሊያጠፋው ስለሚችል መልሰሽ አብሪው። አሁን መዝሙሩ ኢንተርኔት ሳይኖር ከተጫወተ፣ የምትሰሚው ስልኩ ውስጥ ያለውን ቅጂ ነው። ጽናጽሉ የሚገባበትን ቦታ ደጋግመሽ ስሚው፣ ጆሮሽ ይያዘው። ከዚያ የዚያን መዝሙር ዳውንሎድ አጥፊ፣ ፍላይት ሞዱን አንሺ፣ የዋይፋዩን ደረጃ «በጣም ከፍተኛ» አድርገሽ ያንኑ ቦታ በቀጥታ ክፈቺ። ድምፁን ሁለቱም ጊዜ እኩል አድርጊው። ይህን አደራ የምልሽ ጆሮ በቀላሉ ስለሚሸወድ ነው፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሁሉ የተሻለ ይመስለዋል። ጽናጽሉ አሁን «ጭል ጭል» ብሎ እያንዳንዱ ተለይቶ ከተሰማሽ በሽታው ተገኝቷል።

በነገራችን ላይ የሚያሳብቀው ጽናጽል መሆኑን ያለ ማንም እርዳታ መለየትሽ ደስ ብሎኛል። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም።

ሲዲ ላይ ያለ ሙዚቃ ሳይታመቅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው። በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፣ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ነው፣ ቀኝና ግራ ሲደመር ሁለት መስመር ነው። ይህን ወደ 24 ኪሎቢት ማውረድ ማለት ከ59 እጅ አንዱን ብቻ ማስቀረት ነው። ያንን የሚሠራው ፕሮግራም ኮዴክ ይባላል። ኮዴኩ ዝም ብሎ አይቆርጥም። የሰው ጆሮ የማያስተውለውን እየፈለገ ነው የሚጥለው። ከበሮ ጠንክሮ ሲመታ በዚያው ቅጽበት ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ድምፅ ጆሯችን አይሰማውም፤ ኮዴኩ ይህን ያውቃልና ይጥለዋል። በ320 ላይ የሚጥለው ነገር እውነትም አይናፍቅሽም። በ24 ላይ ግን የሚጣል ትርፍ አልቆበት ወደ ሥጋው ይገባል።

መጀመሪያ የሚሄደው ከላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ነው። የድምፅ ቅጥነት የሚለካው በኸርዝ ነው፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ማለት ነው፤ ሰው በወጣትነቱ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል። የንግግር ፍሬ ነገር ግን ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ውስጥ ይገባል፤ የድሮ ስልክ የሚያስተላልፈው ይህንኑ ብቻ ነበር፣ ሰውም ይግባባበት ነበር። ስለዚህ ኮዴኩ ዘፋኙን ያድናል። ከላይ ያለውን ወይ ይተወዋል፣ ወይ ከታችኛው ድምፅ ተነሥቶ ገምቶ ይሠራዋል። ቀኝና ግራውንም ሊደባልቀው ይችላል። ግምቱ ለቫዮሊን ወይም ለኪቦርድ ያስኬዳል። ጽናጽል ላይ ግን ያጋልጠዋል። የጽናጽል ድምፅ ከሞላ ጎደል ከላይ ነው ያለው። ደግሞም የተለየ ኖታ የለውም፤ ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚወጣ በጣም አጭር፣ በጣም ብዙ፣ በጣም የተበታተነ ድምፅ ነው። ኮዴክ የሚወደው የሚደጋገምና የሚገመት ነገር ነው። ጽናጽል ሁለቱንም አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ «ጭል» ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቀልና አንቺ የሰማሽው ሽሽሽታ ይሆናል።

በገናም እንዲሁ ያጋልጣል። በበገና 10 አውታር ሥር የምትገባዋ ቆዳ፣ እንዝራዋ፣ የምታወጣው እዝዝታ አለ። ያ እዝዝታ ነው በገናን በገና የሚያሰኘው። በጥሩ ቅጂ እያንዳንዱ አውታር ሲመታ እዝዝታው ከፍ ብሎ ተነሥቶ ቀስ እያለ ሲከስም ትሰሚዋለሽ። በመጥፎ ቅጂ አነሣሡም አከሳሰሙም አንድ ዓይነት ጉም ይሆናል። የማሲንቆው ጭራ አውታሩን ሲፈትገው የሚሰማው ሻካራነትም ይጠፋና ማሲንቆው ሲንቴሳይዘር ይመስላል። ሰው ድምፅ መፈተሻ ሲጠይቀኝ የፈረንጅ ሮክ አልሰጥም። አንድ የበገና መዝሙር፣ አንድ ጽናጽልና ከበሮ ያለበት ወረብ ይበቃሉ። የከበሮው ምት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አድምጪ፦ በደካማ ቅጂ «ዷ» ከማለቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ትንሽ ብናኝ ድምፅ ይሰማል። ኮዴኩ ድምፁን በቁራጭ በቁራጭ ስለሚሠራው፣ የምቱ ጥፋት ከምቱ በፊት ባለው ጸጥታ ላይም ይፈስሳል። አንዴ ከሰማሽው በኋላ መርሳት አይቻልም። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አሁን ሙዚቃውን ትተሽ እሱን ስትፈልጊ ልትከርሚ ነው።

ወደ መፍትሔው ልመለስ። የዳውንሎዱን ደረጃ ከፍ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ቀድመው የወረዱት ዘፈኖች እንዳሉ ነው የሚቆዩት። ዳውንሎዶቹን አጥፊና በአዲሱ ደረጃ እንደገና አውርጂ። «ቀየርኩት፣ ምንም አልተለወጠም» ብለው የሚመለሱት ይህን ያልሰሙ ናቸው።

የትኛውን ደረጃ? ሜሞሪሽ እንደሚሞላ ስለነገርሽኝ ሒሳቡን እንሥራ። የ4 ደቂቃ ዘፈን በ320 ወደ 9.6 ሜጋባይት ይወስዳል። በ160 ደግሞ 4.8 ነው። በ24 አንድ ሜጋ እንኳ አይሞላም። 500 ዘፈን ቢኖርሽ በ320 ወደ 4.8 ጂቢ፣ በ160 ወደ 2.4 ጂቢ፣ በ24 ወደ 360 ሜጋባይት ነው። የኔ ምክር 160 ነው። ቤት ውስጥ፣ ቡና እየተፈላ፣ ሰው እያወራ፣ በብሉቱዝ ስፒከር 160ን ከ320 እለያለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ዓይኑን ሸፍኜ እፈትነዋለሁ። በገናውንና ወረቡን ብቻ ለይተሽ በ320 ልታስቀምጪ ብትፈልጊ ደግሞ መጀመሪያ ደረጃውን 320 አድርገሽ እነሱን አውርጂ፣ ከዚያ ወደ 160 መልሰሽ ሌላውን አስከትዪ። የወረደው በወረደበት ደረጃ ስለሚቆይ ይህ ይሠራል። «ሎስለስ» የሚባለውን ምንም የማይጥል ደረጃ ለጊዜው እርሺው። ፋይሉ ትልቅ ነው፣ ያንቺ ዓይነት ተራ ብሉቱዝም መልሶ አምቆት ነው የሚያስተላልፈው።

ማውረዱን በዋይፋይ አድርጊው። «በሞባይል ዳታ ዳውንሎድ አድርግ» የሚል ማብሪያ ካለ አጥፊው፤ አለበለዚያ መብራት ሲሄድ ሳታውቂው ፓኬጅሽን ይጨርሰዋል።

መብራትን ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ። መብራት ሲሄድ ራውተሩ ይጠፋል፣ ስልኩም ዝም ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ ይሻገራል። ዘፈኑ ላይቋረጥ ይችላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን የሚሠራው የዋይፋዩ ምርጫ ሳይሆን የሞባይል ዳታው ምርጫ ነው። በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ወደ ዳታ ስለሚሻገር ኔትወርኩም ይጨናነቃል፤ ደረጃው «አውቶማቲክ» ላይ ከሆነ አፑ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ሰውየው ግን ስፒከሩን ነው የሚደበድበው። አፑ ውስጥ ወይም ስልኩ ላይ «ዳታ ሴቨር» የሚለው በርቶ ከሆነም ያው ነው፤ በስፖቲፋይ እሱ ሲበራ ጥራቱ ወደ ታችኛው ደረጃ ይወርዳል። የዳታውን ወጪ በሰዓት ብታስቢው በ96 ወደ 43 ሜጋባይት፣ በ160 ወደ 72፣ በ320 ወደ 144 ነው። በፓኬጅ ለሚሰማ ሰው 96 የሚያሳፍር አይደለም።

የጣና ዳሩ መቆራረጥ ግን ሌላ በሽታ ነው። ከመጀመሪያው ጋር አትደባልቂው። አንቺ እንደ ብዙ ሰው «እዚያ ጋ ኔትወርክ የለም» ብለሽ ሳይሆን አይቀርም። ግን የምትሰሚያቸው ዳውንሎድ የተደረጉትን ከሆነ ኔትወርክ ምን ያደርግላቸዋል? የሚቆራረጠው ከኪስሽ እስከ ጆሮሽ ያለው መስመር ነው፤ ብሉቱዙ።

ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው። ይህን ሞገድ ውሃ ይውጠዋል፣ የሰው ገላ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስልክሽ በግራ የኋላ ኪስ፣ ሲግናሉን የሚቀበለው ኤርፎን በቀኝ ጆሮ ከሆነ መሀል ላይ የቆምሽው አንቺ ራስሽ ነሽ። ቤት ውስጥ ይህ አይታወቅሽም፤ ሞገዱ ግድግዳ፣ ጣሪያና ቁም ሣጥን ላይ እየነጠረ ዞሮ ይደርሳል። ማንጎ ፓርክ አካባቢ ከውሃው ዳር ስትሆኚ ግን በአንድ በኩል ያለው ሜዳ የሆነ ሐይቅ ነው። ሞገዱን ወደ ጆሮሽ የሚመልስ ግድግዳ የለም። ስለዚህ በየእርምጃሽ ድምፁ ይጠፋል፣ ይመጣል። ስልኩን ወደ ፊት ኪስ ወይም ወደ ደረት አውጪው፤ ከኤርፎኑ ጋር በአንድ ጎን ይሁን። በእጅሽ ይዘሽው ስትሄጂ ካልተቆራረጠ ምክንያቱ ይኸው ነው። አዲስ ኤርፎን ለመግዛት አትቸኩዪ።

ይህን ለሚያነቡ፣ ምልክታቸው ካንቺ ለሚለይ ሰዎችም ጥቂት ልጨምር፤ በየጊዜው የሚመጡልኝን ነው።

ድምፁ ድንገት ጠብቦ፣ ቀኝና ግራው አንድ ሆኖ፣ በስልክ የሚደወል ሙዚቃ ከመሰለ፣ ብሉቱዙ ወደ ጥሪ አሠራር ገብቷል። ብሉቱዝ ለሙዚቃ አንድ፣ ማይክ ላለበት ንግግር ሌላ አሠራር አለው። ማይኩ ሲከፈት በተለመደው አሠራር በሰከንድ 8,000 ወይም 16,000 ጊዜ ብቻ ወደሚለካ ድምፅ ይወርዳል። በመጀመሪያው ከ4,000 ኸርዝ በላይ፣ በሁለተኛው ከ8,000 በላይ ምንም አይኖርም። ይህን የሚያደርገው ያልተዘጋ የቴሌግራም ጥሪ ወይም ላፕቶፕ ላይ የተረሳ ስብሰባ ሊሆን ይችላል። ኤርፎኑ ከስልክም ከላፕቶፕም ጋር በአንድ ጊዜ የተገናኘ ከሆነ ላፕቶፑን ጠርጥሩ። የብሉቱዝ ሴቲንግ ውስጥ የመሣሪያው ስም ሥር «የስልክ ጥሪ» የሚለውን ብታጠፉት ሙዚቃው ይመለሳል። በዚያ መሣሪያ ስልክ ማውራት ግን ይቀራል።

ዘፋኙ ጠፍቶ ባንዱ ብቻ ከቀረ ደግሞ አፑን አትንኩት። ጃክ ነው። ሽቦ ባለው ኤርፎን ወይም ከስልክ ወደ አምፕሊፋየር በሚሄድ ኬብል ላይ ሦስት መስመር አለ፦ ቀኝ፣ ግራና የሁለቱ የጋራ መመለሻ። የጋራው ሲበጠስ ወይም ጃኩ በደንብ ሳይገባ ሲቀር፣ የምትሰሙት በቀኝና በግራ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ይሆናል። ዘፋኙ የሚቀዳው መሀል ላይ፣ በሁለቱም ጎን እኩል ሆኖ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ዜሮ ይሆንና ይሰወራል። ጃኩን እስከ መጨረሻው ግፉት፣ ትንሽ አዙሩት፤ ዘፋኙ ብቅ ጥልቅ ካለ ኬብል ቀይሩ። ርካሽ ነገር ነው።

ድምፅ ሲጨምሩት ብቻ የሚቀደድ ከሆነ ከአፑ ውጭ ፈልጉ። ስፒከሩ ባትሪው አልቆ ሊሆን ይችላል፣ ወፍራምና ቀጭን ድምፅ በሚያስተካክለው ኢኳላይዘር ላይ ባሱ እስከ ጣሪያ ተሰቅሎ ሊሆን ይችላል። በትልልቅ ስፒከሮች ደግሞ ቲዊተሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ተቃጥሎ ይሆናል፤ ያኔ ከላይ ያለው ድምፅ ሁሉ ይጠፋና የወረደ ጥራት ይመስላል። የሚለየው በዚህ ነው፦ ቲዊተር ሲሞት ሁሉም ዘፈን፣ ፍላሽ ላይ ያለውም ጭምር፣ እኩል ይደበዝዛል። የባስ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ሰርግ ላይ አምፕሊፋየሩን ቀይ መብራቱ እስኪበራ የሚያስጮሁ ወንድሞቼ የስንቱን ቲዊተር እንደፈጁ እግዜር ይቁጠረው።

አንድ ጆሮ ብቻ ከደበዘዘ የኤርፎኑን ወንፊት እዩት። የጆሮ ኩክ ነው። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል።

አንድ የቆየ ዘፈን ብቻ ከተበላሸ ደግሞ ጥፋቱ የማንም ላይሆን ይችላል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 70ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሙዚቃችን በሸክላ ይወጣ ነበር። ከዚያ ካሴት ተተካ። ዛሬ ኦንላይን ከምናገኛቸው ብዙዎቹ ከተሰማ ካሴት የተገለበጡ ናቸው። የካሴቱ ሽሽታም፣ ቴፑ ሲጎተት የሚፈጠረው መንቀጥቀጥም አብሮ ገብቷል። 320 ላይ ብትሰሙት ያንኑ ሽሽታ በ320 ነው የምትሰሙት። አንዳንዱ ዘፈን ግን አፑ ውስጥ ሁለት ሦስት ቦታ ይገኛል፣ ከተለያየ አልበም። ሌላውን ቅጂ ሞክሩት። አንዳንዴ ከኦሪጅናሉ ቴፕ የተወሰደ ንጹሕ ይገኛል።

እህቴ፣ ወደ አንቺ ልመለስ፤ ሁለት ነገር ይቀራል። አፑ ሲጫን የድምፅ ማስተካከያውም ወደ ጥንቱ ተመልሷል። ዘፈኖችን ሁሉ አንድ ከፍታ ላይ የሚያደርገው ማብሪያ በስፖቲፋይ ሲጫን በርቶ ነው የሚመጣው፤ ድሮ አጥፍተሽው ከነበረ አሁን ሁሉም ነገር ረጋ፣ ዝቅ ብሎ ይሰማሻል። ጥራት አይቀንስም፣ ግን ሰውን ያሳስታል። ኢኳላይዘር ትጠቀሚ ከነበረም እሱም ባዶ ሆኗልና መልሰሽ አስተካክዪው።

ሁለተኛው የወንድምሽ ክፍያ ነው። እንደ ስፖቲፋይ ባሉ አፖች ዘፈን ዳውንሎድ የሚደረገው ክፍያ ሲኖር ነው። ፍላይት ሞድ ላይ የሚጫወትልሽ ከሆነ ክፍያው አልተቋረጠም ማለት ነው። በ30 ቀን ውስጥ ቢያንስ አንዴ ኢንተርኔት ላይ ሆነሽ አፑን መክፈት አትርሺ፤ አለበለዚያ ስፖቲፋይ ዳውንሎዶቹን ያነሣቸዋል።

ዛሬ ማታ ዋይፋይ ካለ የዳውንሎዱን ደረጃ ቀይሪና አውርጂው። በአዲሱ ቅጂም ጽናጽሉ ሽሽሽ ካለ የአፑን ስም፣ የስልክሽን ሞዴልና የመዝሙሩን ዓይነት ጨምረሽ ጻፊልኝ፤ ያኔ ስለ ብሉቱዙ ኮዴክ እናወራለን።